«መቼ ጀመራት?»

መቼም እኛ ሐበሾች ከሐኪም ቤት ባዶ እጃችንን መመለስ አይሆንልንም። መርፌ ካልሆነ ኪኒን፣ ኪኒን ካልሆነ ሽሮፕ… አንድ ነገር ካልተሰጠን «ታዲያ ምኑን ታከምኩት!» እንላለን። እኛም እንዲሁ ነበርን።

ባለፈው ጥር እናታችን ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ መጥታ ሳለች ኢንፍሉዌንዛ ቤታችን ገባ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም አለባት። ሰኞ ማታ እራቷን ገፋ አድርጋ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብላ ተኛች። ማክሰኞ ዝንጅብል በማር፣ ረቡዕ ፌጦ በሎሚ… ሐሙስ ጠዋት ከአልጋዋ መታጠቢያ ቤት እስክትደርስ ሁለቴ ቆማ ስትተነፍስ አየናትና ደነገጥን። እኛ ልጆቿም የዚያን ዕለት በትኩሳት ነበር የነቃነው።

መንገድ ላይ ለአንድ ወዳጃችን ደወልን። «ዋ! ሁለት ቀን አልፏታል ካላችሁ መድኃኒቱን አይሰጧችሁም። ትናንት ነው የጀመራት በሉ» ሲል መከረን። መኪናው ውስጥ ዝም አልን። አስተርጓሚዎቹ እኛው፤ ማን ያውቅብናል?

የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ ያው የፈራነው ሆነ። «መቼ ጀመራት?» ጥያቄውን ለእማዬ ስናደርስላት ቀልጠፍ ብላ «ዛሬ ጠዋት» አለች። ማንም አልመከራትም፤ ለካ «ልጆቼ ከሥራ እንዳይቀሩ» ብላ ስትደብቀን ነው የሰነበተችው! ተያየን። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀርቦልናል፤ የቀረን መተርጎም ብቻ ነበር።

«ሰኞ ማታ ነው» አልን። እማዬ ገላመጠችን።

ሐኪሟ ግን ፋይሉን አልዘጋችም። ኦሴልታሚቪር (ታሚፍሉ የሚሉት) ቫይረሱ ከተባዛበት ሴል ወጥቶ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ያግዳል አለችን። ቫይረሱ በብዛት የሚራባው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ቆጠራው የሚጠብቀው ግን ጤነኛውን ሰው ነው። 65 ዓመት ላለፋቸው፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ስኳር፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው፣ ሕመሙ እየከበደ ለሄደበትም ሁሉ ቢዘገይም ይሰጣል። ፈጣኑ ምርመራ አንዳንዴ ስለሚስት ውጤት አይጠበቅም። ወዲያው 75 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን አዘዘችላት። ከዚያ በፊት ግን ስለ ኩላሊቷ ጠየቀች፤ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል።

«ደግ አደረጋችሁ እውነቱን ነገራችሁኝ» አለችን ቀጥላ። «ዛሬ ጠዋት ብትሉኝ ኖሮ ሳንባዋን ለማየት ላልቸኩል እችል ነበር።» ሦስት ቀን ሙሉ እየባሰ የሄደ ሰው ግን ሌላ ነው። ራጅ ተነሳች፤ ቀኝ ሳንባዋ ላይ የሳንባ ምች ጀምሮ ነበር። አንቲባዮቲክ ተጨመረላት። ለቫይረሱ አይደለም፤ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ለሚገባው ባክቴሪያ ነው።

እኛስ? እጃችንን ዘረጋን። «እናንተ ወጣት ናችሁ፣ ሌላ ሕመምም የለባችሁ። ልሰጣችሁ እችላለሁ፤ የምታተርፉት ግን ጥቂት ነው» አለች። እቤት ገብተን ስናነብ እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኮክሬን ግምገማ፣ መድኃኒቱ በአዋቂዎች ላይ የሕመሙን ምልክት ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን ገደማ ያሳጥራል ይላል። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም! ማቅለሽለሽና ትውከት ደግሞ ምርቃት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ከዋናው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ወደ ተጨማሪው አውርዶታል። በጠና የታመሙትን ምን ያህል እንደሚያድን የሚያሳየው ማስረጃም የማያሻማ አይደለም። ነገር ግን እንደ እማዬ ላለች ሴት ብዙ ሐኪሞች መጠበቁን ይበልጥ ይፈሩታል።

እናም ሰዓታችን ያላለፈው እኛ «ውሃ ጠጡ፣ ተኙ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ተመለሱ» ተብለን ባዶ እጃችንን፣ ሰዓቷ ያለፈው እማዬ ግን ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይዛ ወጣን። የገረመን ሐኪሟ «ማን በጣም አመመው?» ብላ አለመጀመሯ ነው። የጠየቀችው ማን እንደሆንንና መቼ እንደጀመረን ነው። ሁለተኛውን የሚያውቀው ደግሞ ቤተሰብ ብቻ ነው።

እማዬ በሦስተኛው ሳምንት ቡና አፍልታ፣ ስኒውን እያቀበለችን «ያን ቀን ግን ለምን አሳጣችሁኝ?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

እናንተም እናታችሁ «ብርድ መትቶኝ ነው» ካለቻችሁ መቼ እንደጀመራት ጠይቋት። የመጀመሪያውን መልስ ግን አትመኑ!