ባሮ ዳር የሚሸጠው የጡንቻ ምግብ

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛን ቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ደጋው ሲያልቅ ጃኬት በየተራ ይወልቃል፤ የአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል።

ቀጥሎ ባሮ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች እዚህ ድረስ ይዘልቁ ነበር፤ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡናም በእነሱ ይጫን ነበር። መርከቡ ቀርቷል፤ ሸክሙ ግን አልቀረም። ዛሬም ጆንያ የሚያወርዱ፣ መረብ የሚጎትቱ፣ ውኃ የሚሸከሙ ክንዶች ብዙ ናቸው። አሁን ደግሞ ለጤናና ለቁመና ብለው ክብደት የሚያነሱ ወጣቶች ተጨምረዋል። ያየኋቸው ልጆች ሲሚንቶ የሞላ ጣሳ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሰክተው ነው የሚሠሩት።

ከመካከላቸው አንዱ ከአዲስ አበባ መምጣቴን ሲሰማ፣ እዚያ የፕሮቲን ዱቄት ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። ዋጋውን ስነግረው ዝም አለ። እናቱ ወንዙ ዳር ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ ናቸው፤ ጣሳውን የሚገዛውም የእሳቸው ዓሣ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ክብደት ሲነሳ የጡንቻ ክሮች በጥቂቱ ይጎዳሉ። ሰውነት የሚጠግናቸው ከፕሮቲን በሚያገኘው አሚኖ አሲድ ነው፤ ጥገናውም አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ከስፖርት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ከንቱ ነው የሚባለው ወሬ የተጋነነ ነው። ዋናው የቀኑ ድምር ነው። ክብደት አዘውትሮ ለሚያነሳ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ይበቃል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት 112 ግራም መሆኑ ነው።

ይህ ከየት ይመጣል? 200 ግራም የበሰለ የዓሣ ሥጋ 50 ግራም ገደማ ይሰጣል። ግማሽ ሊትር ወተት 16፣ ከ300 ግራም ዱቄት የተሠራ የበቆሎ ገንፎ 24፣ አንድ መቶ ግራም ጥሬ ምስር ወይም ባቄላ ደግሞ ከ20 በላይ። ሞላ! አንድ ማንኪያ ውድ ዱቄት የሚሰጠው 20 ወይም 25 ግራም ነው፤ አንድ መቶ ግራም የበሰለ ዓሣ ያህል ማለት ነው።

እኔን ያስገረመኝ የአኙዋክ ማዕድ ነው። በቆሎ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ዓሣ ደግሞ በዚሁ የበለጸገ ነው። ገንፎና የዓሣ ወጥ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ገንፎው ለጉልበት ስለሚውልም ፕሮቲኑ ለጥገና ይተርፋል። የኑዌር ከብት አርቢዎች ይህንኑ ሥራ በማሽላና በወተት ይሠሩታል። (በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ።)

ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን ፕሮቲን ከማብዛቱ በፊት ሐኪም ያማክር። እንቅልፍ ያጣ ሰውም ዓሣውን ብቻ በልቶ ጡንቻው ይጠገንልኛል ብሎ አይጠብቅ።

ለሚሄዱ ሁሉ፦ ትኩስ ዓሣ በጠዋት ይግዙ፤ በዚያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ የዋለ ዓሣ አይታመንም። ለቤት የሚሆነው የደረቀው ነው፤ ውኃው ስለወጣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው። በሁለት ፌስታል አጥብቀው ይቋጥሩት፤ አለበለዚያ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አጠገብዎ የሚቀመጥ ተሳፋሪ አያገኙም።