ትእዛዝና የዕለት እንጀራ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ አፍና አፍንጫን መሸፈንም ግዴታ ሆነ። መርካቶ ግን አልተዘጋም።

በዚህም የገበያው ሰው አሳብ በሁለት ተከፈለ። እኩሌቶቹ፥ ሰው በሚተሻሽበት በምናለሽ ተራ «ተራራቁ» ማለት ምን ይረባል ብለው መንግሥትን ነቀፉ። ተሸካሚውና የጉልት ነጋዴዋ ግን የዕለት ጉርሳቸውን በዕለቱ የሚያገኙ ናቸውና ገበያው ስላልተዘጋባቸው አመሰገኑ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። በሽታ ሀብታምና ድኻ አይለይም ይባላል፤ ቤት መቀመጥን ግን ጎተራ ያለው ብቻ ይችለዋል። በዚያው ወራት «ማዕድ ማጋራት» ተብሎ ለችግረኛ እህል መሰብሰቡ ይህን ያስረዳል። እንግዲህ «ከቤትህ አትውጣ» የሚል ሹም፥ በዚያ ቤት እንጀራ መኖሩን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።