የአሥር ሴኮንድ ማኅደር

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው ኤስፒ-1200 የተባለ ሳምፕለር፣ ከሸክላ የተቀነጨበ ድምፅ ይዞ መልሶ የሚያጫውት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ማኅደረ ትውስታው የሚበቃው ግን ለ10 ሴኮንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። የኒውዮርክ የሂፕ ሆፕ ከያንያን በዚህ ጥበት አልተገቱም። በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ45 እያፈጠኑ ቀረጹ፤ ድምፁ አጥሮ በጠባቡ ቦታ ገባ፤ ኋላም በመሣሪያው ላይ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ መለሱት። በዚህ ሂደት የተገኘው ሻካራ ድምፅ ከስልቱ መለያዎች አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መሣሪያው የያዘውን ሁሉ ይረሳል። የከያኒው ድካም የሚተርፈው በፍሎፒ ዲስክ ከተገለበጠ ነው፤ ዲስኩም በዘመን ብዛት ይበላሻል። እንግዲህ የዚያን ትውልድ የፈጠራ ሥራ ለተተኪው ማቆየት የመሣሪያው ሳይሆን፣ ጊዜ ሳያልፍ ደጋግሞ የሚገለብጠው ሰው ኃላፊነት ነው።