ቤትሆቨን በቆሻሻ መኪና

ምሽት ላይ በታይዋኗ ታይፔ ከተማ ከሩቅ የፒያኖ ዜማ ይሰማል። ለከተማዋ እንግዳ የሆነ ሰው አይስክሬም ሻጭ የመጣ መስሎት ሳንቲሙን እየቆጠረ ይወርዳል። ታች ሲደርስ የሚያገኘው ግን ፌስታሉን አንጠልጥሎ የሚጠብቅ ሰፈርተኛ ነው። ዜማውን እያሰማ የሚመጣው ቢጫው የቆሻሻ መኪና ነው፤ የሚያጫውተውም ወይ የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዝ»፣ ወይ የፖላንዳዊቷን የቴክላ ባዳርዜቭስካን «የልጃገረድ ጸሎት» ነው።

እነዚህን ዜማዎች ለዚህ ሥራ የመደባቸው ማነው? ወሬው ሁለት ነው። አንዱ፣ ሹ ትዙ-ቺዩ የተባሉ የጤና ሹም ሴት ልጃቸው ፒያኖ ስትለማመድ ሰምተው «ይኸው ተገኘ» አሉ ይላል። ሌላው ደግሞ መኪኖቹ ከውጭ ሲገዙ ዜማው ተገጥሞላቸው ነው የመጡት ይላል። የአባትና የልጁ ታሪክ ለጨዋታ ይጥማል። የመንግሥት ግዢን የሚያውቅ ሰው ግን ወደ ሁለተኛው ማዘንበሉ አይቀርም፦ ከዕቃው ጋር የመጣን ነገር ማን ይነቅላል?

ባዳርዜቭስካ ቁራጯን ዋርሶ ውስጥ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው፤ አምስት ዓመት ቆይታ ሞተች። ሥራዋ በየሳሎኑ እንደ ጉድ ሲቸበቸብ፣ የሙዚቃ ሊቃውንት ግን ሲያላግጡበት ኖረዋል። ቬኑስ ላይ በስሟ የተሰየመ ጉድጓድ አለ፤ ታይዋን ውስጥ ደግሞ በዜማዋ ቆሻሻ ይጠራል። ቤትሆቨንም ቢሆን በ1810 የጻፈውን «ፉር ኤሊዝ» ታትሞ አላየውም፤ ለሕዝብ የበቃው በ1867፣ እሱ ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ዜማው እንዲህ ሰው ሁሉ የሚሮጥለት የሆነው ግን በውበቱ አይደለም። ድሮ ቆሻሻ በየመንገዱ ጥግ ይከመር ነበር፤ ውሻና አይጥ ይቦጫጭቀዋል፣ ሙቀቱ ያገማዋል። በ1990ዎቹ ታይፔ «ቆሻሻ መሬት አይነካም» የሚል ደንብ አወጣች፤ ሰው ፌስታሉን ራሱ ይዞ መጥቶ መኪናው ላይ ይጥላል፣ ካመለጠው ወደ ቤቱ ይመልሳል። በ2000 ደግሞ ክፍያው ከፌስታሉ ጋር ተያያዘ። ቀሪ ቆሻሻ የሚጣለው ከሱቅ በሚገዛ ሰማያዊ የከተማ ፌስታል ብቻ ሆነ፤ የማስወገጃው ሂሳብ ዋጋው ውስጥ አለ። ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል፤ ጠርሙስ፣ ወረቀትና ቆርቆሮ ግን በነፃ ይወሰዳሉ። ኪስ ሲነካ ሁሉም ለያይ ሆነ።

አንዲት አሮጊት ሁለት ባልዲ ይዘው ይወርዳሉ። በአንዱ የፓፓያ ልጣጭና የጎመን ግንድ አለ፤ ይህ ለማዳበሪያ ነው። በሌላው የተረፈ ሩዝና ሾርባ፤ ይህ ደግሞ ለዓመታት ለአሳማ ሲቀቀል የኖረ ነው። ባልዲ የተምታታበት ጎረቤት ካለ ከሠራተኛው ቀድመው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። መኪናው እስኪደርስ የማን ልጅ እንዳገባ፣ የማን ኪራይ እንደጨመረ ይወራል።

የሚቸገረው የሌሊት ገበያ ያዘወተረ ሰው ነው። በየድንኳኑ እየቆመ የገማ ቶፉ በእንጨት፣ የኦይስተር እንቁላል በወረቀት ሳህን፣ ኳስ ኳስ ካሳቫ ያለበት ሻይ በኩባያ ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያ መጣያ ይፈልጋል፤ መንገድ ላይ ማግኘት ዘበት ነው። ኩባያውንና እንጨቱን ይዞ ከተማ ይዞራል።

ሌላዋ የታይዋን ከተማ ታይናን ደግሞ በአንድ ወቅት በቆሻሻ መኪናዋ ድምፅ ማጉያ የእንግሊዝኛ ትምህርት አስተላልፋለች፤ ቆሻሻ የሚጥለው ሕዝብ እግረ መንገዱን ሰላምታ እንዲለማመድ ታስቦ መሆኑ ነው።

ታይፔ ውስጥ መኪናው ረቡዕና እሑድ አይመጣም። ስለዚህ ማክሰኞ ዓሣ ሠርቶ ዜማው ያመለጠው ሰው አጥንቱን ቋጥሮ ፍሪዘር ውስጥ ይከታል፤ ከአይስክሬሙ ጎን እስከ ሐሙስ ያቆየዋል።