ሦስተኛ ማዕረግ

ቦንጋ ባቡር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚመጣው አውቶቡስና አይሱዙ ብቻ ነው። የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ባቡር የምታውቀው ስልክ ላይ ካየችው ካርቱን ነው። ስለዚህ አባቴ በረንዳ ላይ ሁለት የቡና ሲኒዎች አፍ ለአፍ ገጥሞ በፕላስተር ሲያስር ስታይ፣ የገመተችው ስለ ባቡር መሆኑን አይደለም። ቡናው ሊቀር ነው ብላ ነው የደነገጠችው።

ነገሩ የተጀመረው ከጀርመን በመጣ ካርቶን ነው።

አባቴ ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። እሱ አሁንም «ሸመንደፈር» ነው የሚለው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ እኔ ወደምሠራበት ወደ ቦንጋ አመጣሁት። ሙቀት የለመደ ሰው ዝናብና ጭጋግ ውስጥ ገባ። ከሰፈሩ ሰዎች ብዙዎቹ እርስ በርስ የሚያወሩት በካፊ ኖኖ ነው፤ ለእሱ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ እሱ ግን ሰላምታ መልሶ ዝም ነው። እኔና እሱም ድሮም ብዙ አናወራም ነበር። ጀርመን ያለችው እህቴ በስልክ ድምፁን ሰምታ «እየጠፋ ነው፣ የሚነካካው ነገር ይፈልጋል» አለች። ወዲያው ለበዓል ከሚመጣ ሰው ጋር አንድ ካርቶን ላከች። ውስጡ ተገጣጥሞ የሚሠራ ትንሽ የባቡር ፉርጎ ነበር፤ ከፕላስቲክ የተሠሩ ግድግዳዎች፣ እንደ ምስር የሚያካክሉ ክፍሎች፣ ጎማዎች፣ ጥቂት ሐዲድ።

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ካሊፐሩን ከሣጥኑ አወጣ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ክፍተት ለካና ወረቀት ላይ አባዛ።

«ስንት ለስንት ነው ይላል?»

«አንድ ለሰማንያ ሰባት።»

16.5 ሚሊ ሜትር በ87 ሲባዛ 1,435.5 ይመጣል። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«አቦ፣ ይሄ የኛ አይደለም። ይሄ የቻይናው ነው።»

ልክ ነበር። በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ባቡር የሚሠራው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ሐዲድ ነው። በመስከረም 2009 የተመረቀው፣ የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋቱ ይኸው ነው። የድሮው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ግን ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነበር። አባቴ የጠገነው ሁሉ በዚያ አንድ ሜትር ላይ የሚሄድ ነው። ካርቶኑን ዘግቶ አልጋ ሥር ከተተው።

እህቴ ተስፋ አልቆረጠችም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ፣ ለአንድ ሜትር ሐዲድ ተብሎ በ12 ሚሊ ሜትር የሚሠራ ሞዴልም እንዳለ አገኘች። ብዙው ግን የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡር ነው፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ፎቶውን ለአባቴ አሳየሁት። «ኢልግ አገሩን ይመስል ዘንድ ሐዲዱን አጠበበው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ዋጋውን ወደ ብር ልቀይር ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ያየ ሰው ለመጫወቻ ዩሮ አያሰላም።

«እኛው እንሥራው» አልኩ። ሳላስበው ነው ያልኩት።

«በስንት?» አለ።

አንድ ለሃያ ላይ ተስማማን። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በተማሪ ማስመሪያ መለካት ይቻላል። እህቴ «የንጉሠ ነገሥቱን ፉርጎ ሥሩ፣ ያምራል» አለች። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ «ሦስተኛ ማዕረግ ነው የምንሠራው» አለና መልሶ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ችግሩ መጣ። የማንን ፕላን ይዘን እንሥራ? ለስዊዙ ባቡር ሥዕሉ፣ ልኩ፣ የብሎኑ ቁጥር ሳይቀር ይሸጣል። ለኛው ፉርጎ እጄ ላይ ያለው ጥቂት ፎቶና አንድ ሽማግሌ ነበር።

«ርዝመቱ ስንት ነው?»

«አስራ ስምንት እርምጃ። በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር ስሄድበት ነበር።»

ሜትር ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ። አባቴ ከዘራውን ይዞ ተራመደ። አንዱ እርምጃው 50 ሳንቲም አይሞላም። በዚህ ብንሄድ ፉርጎው ዘጠኝ ሜትር እንኳ አይደርስም። ቆም ብሎ መሬቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንተ ሂድ። ያኔ ያንተን ያህል ነበርኩ።»

ሄድኩ። የኔ እርምጃ 75 ሳንቲም ነው። በ18 ሲባዛ 13 ሜትር ተኩል፤ በአንድ ለሃያ 67 ሳንቲም ተኩል። ደብተሩ ላይ የጻፍነው የመጀመሪያ ቁጥር ይኸ ነው። ሌላው ሁሉ በዚያው መንገድ መጣ። የበሩ ስፋት ጆንያ የያዘች ነጋዴ በጎኗ ስትገባ ነው። የመስኮቱ ከፍታ ቁጭ ያለ ሰው ክርኑን የሚያስደግፍበት ነው፤ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከወለል እስከ ክርኔ ለካ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአባቴ ጋር ያወራሁት በአሥር ዓመት ካወራሁት ይበልጣል፣ ወሬው ግን ሁሉ ስለ ሳንቲ ሜትር ነበር።

ዕቃው ከተማው ውስጥ ተገኘ ማለት ይቻላል። ለግድግዳውና ለወለሉ የዋንዛ ቁርጥራጭ፤ አናጺው «ለማገዶ ነበር» ብሎ በነፃ ሰጠን። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ በቀጭኑ ሲሰነጠቅ አያምፅም። ለጣሪያው የዘይት ቆርቆሮ፣ ለመስኮቱ የሃይላንድ ፕላስቲክ። ለሐዲዱ መስኮትና በር ከሚሠራ ቤት የተረፈ አሉሚኒየም፤ ለመተላለፊያው ተሰንጥቆ የተላገ ቀርከሃ። ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ ደግሞ የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው፦ ላዩን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ስታራግፉት ውስጡ ቀጥ ያለ፣ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥሩ ብረት አለ።

ጎማው ግን እምቢ አለ። የጠርሙስ ቆርኪ ሞከርን፣ ተጣመመ። እንጨት ሞከርን፣ በቦንጋ ዝናብ አብጦ ክብነቱን አጣ። ከባጃጅ ጋራዥ ያረጁ ኩሽኔታዎች ለምኜ አመጣሁ፤ ቀጥታው ላይ ቅቤ ናቸው፣ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ከሐዲዱ ይወርዳሉ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ልጅ ከበረንዳው ጫፍ ሆና ጠየቀች፦

«አባባ፣ መሪው የት ነው?»

«ባቡር መሪ የለውም።»

«ታዲያ በምን ይዞራል?»

አባቴ ተነስቶ ወደ ጓዳ የገባው ያኔ ነው። ሁለቱን ሲኒዎች ያመጣው ለዚህ ነበር።

አፍ ለአፍ ሲታሰሩ መሃላቸው ይሰፋል፣ ዳርና ዳራቸው ይጠባል። በሁለት ቀርከሃ ላይ ትንሽ ዘቅዘቅ አድርጎ ለቀቃቸው። ትንሽ ወደ ቀኝ አሉ፣ ራሳቸው ተመለሱ፤ ወደ ግራ አሉ፣ ተመለሱ፤ ሳይወድቁ ጫፍ ደረሱ። ከዚያ ፈትቶ በተቃራኒው፣ ቂጥ ለቂጥ አሰራቸው። ሁለት ስንዝር ሳይሄዱ ወደ አንዱ ጎን ተንሸራተው ወደቁ።

የባቡር ጎማ ጠፍጣፋ አይደለም። ወደ ውስጥ በኩል ወፈር፣ ወደ ውጭ ቀጠን ይላል፤ የተለመደው በየ20 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ጎማዎች ከዘንጉ ጋር አንድ ሆነው ስለሚዞሩ፣ ባቡሩ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ቀኙ ጎማ በወፍራሙ ወገን ይረግጣል፤ በአንድ ዙር ከግራው የበለጠ ርቀት ስለሚሄድ ዘንጉን ወደ ግራ ይመልሰዋል። በውስጥ በኩል ያለው ከንፈር ለክፉ ቀን ነው እንጂ ዋናው መሪ ይኸ ነው። ይህን ሁሉ የነገረን ለልጅቷ እንጂ ለእኔ አልነበረም። እኔ ግን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅቷ ደስ አላት። ሲኒዎቹን መልሳ አፍ ለአፍ አሳሰረችና እኔ ቀርከሃውን ከፍ፣ ከፍ እያደረግኩላት ትለቅ ጀመር። አንዴ በጣም ከፍ አደረግኩት። ሲኒዎቹ መሃል ላይ ዘለሉና ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። አንዱ ተሰበረ።

ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ እጁ ላይ ያዘው።

«አዋሽ ላይም ይኸው ነው የሆነው» አለ።

በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ፣ ኩርባ ላይ ያለውን ድልድይ ሲያልፍ ፍጥነቱን ያልቀነሰ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ይህን አንብቤ አውቀዋለሁ። የማላውቀው፣ አባቴ ከወርክሾፕ ፉርጎ ለማንሳት ከተላኩት አንዱ እንደነበረ ነው። አብሮ አደጉ በዚያ ባቡር ተሳፍሮ ነበር።

«የትኛው ማዕረግ?» አልኩ፤ ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

«ምን ገንዘብ ነበረውና።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። ልጅቷ ሲኒ ስለሰበረች መስሏት ይቅርታ ጠየቀች። እሱ ራሷን ዳበሰና «የኔ ልጅ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ቁልቁለቱ በዛ» አላት። እኔ ቀርከሃውን ዝቅ አደረግኩ።

በሚቀጥለው ወር ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ለማያውቁት፦ ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ብረት፣ ጣሳ፣ ጎማ ተቃንቶና ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ነው። ከመዶሻው ድምፅ የተነሣ ዋጋ የምትከራከሩት በጣት ነው። አንድ ክንድ የሚሆን ወፍራም የአሉሚኒየም ዘንግ በኪሎ ገዛሁ። ሻጩ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ «ለባቡር ጎማ» ስለው ትንሽ አየኝና ሒሳቡን ቶሎ ተቀበለኝ።

በመመለሻዬ ጅማ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። ባለሙያው አባቴ የሣለውን ወረቀት አገላብጦ «ስምንቱንም ቀጥ አድርጌ ላውጣልህ፣ ይሄ ሰያፍ ምን ይሠራል?» አለ። ሲኒ የለኝም። ሁለት የወረቀት የሻይ ኩባያ ከጎረቤት ሻይ ቤት አምጥቼ አፍ ለአፍ ገጠምኩና በሁለት የብረት ዘንግ ላይ ለቀቅኩለት። ሠራተኞቹ ሁሉ ማሽን አቁመው መጡ። ሦስቴ አስደገሙኝ። ጎማዎቹን በማግሥቱ ሰጠኝ፤ ሰያፋቸው በዓይን አይታይም፣ በጣት ግን ይታወቃል። ለማውጫ ያስከፈለኝን እነግራችሁ ነበር፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን «ለአባትህ» ብሎ አልተቀበለኝም።

ፉርጎው አሁን በረንዳ ላይ አለ። ኩርባውን ያልፋል። ውስጡ የዋንዛ አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ አባቴ ጠርዛቸውን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ አሽቶ አለሰለሳቸው፤ በዚያ ልክ የሚቀመጥበት ሰው እንደሌለ እያወቀ። የእህቴን ካርቶን ከአልጋ ሥር አውጥተነዋል። ሐዲዱና ጎማው አልጠቀመንም፣ ጥቃቅኖቹ ብሎኖች ግን ለመብራቱ ልክ ሆኑ። ለእህቴ ፎቶ ስንልክላት በመጀመሪያ ያየችው ብሎኖቹን ነው።

አንድ ነገር ግን አልተጠናቀቀም። የበሩ እጀታ ወደየት እንደሚዞር እኔና አባቴ አልተስማማንም፤ ፎቶው ላይ አይታይም፣ እሱ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ላይ፣ አንድ ቀን ወደ ታች ይላል። ድሬዳዋ ከዚራ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹን ደውለን ጠየቅን። ከደወልንላቸው አራት ሰዎች ስልክ ያነሡት ሁለት ናቸው። አንዱ ወደ ላይ አለ፤ ሌላው እጀታውን ረስቶ ስለ አባቴ ጤና ግማሽ ሰዓት አወራ። እስካሁን በሩን ክፍት ትተነዋል።

ልጅቷ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፉርጎውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትገፋዋለች። ትናንት ቡና ላይ እያለን ጠየቀች፦

«አባባ፣ የሚጎትተውስ መቼ ይሠራል?»

«እሱ ይደርሳል» አላት አባቴ። «በመጀመሪያ ሰው ይሳፈር።»

ወጥታ ጥቂት ቆየችና በመዳፏ ሙሉ ጥሬ ቡና ይዛ መጣች። በክፍቱ በር በኩል፣ አንድ በአንድ፣ ወንበሮቹ ላይ አስቀመጠቻቸው። አባቴ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ይቆጥር ነበር። ወንበሩ ሲሞላ «በቃ፣ ትርፍ አንጭንም» አላት፤ ቀርከሃውን ደግሞ ዝቅ ብሎ በእጁ ፈትሾ ዘቅዘቅታውን ለካ።