ሐዋሳን የቆረቆሩት ራስ

አንባቢ ሆይ፥ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በሞጆና በሻሸመኔ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዘው ሐዋሳ ሲደርሱ፥ ሻንጣዎን ካረፉበት አስቀምጠው በመጀመሪያ ወደ ፒያሳ ብቅ ይበሉ። ስሙ አይገርምዎ። ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሐዋሳ የተቆረቆረችው ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ስሙን ያመጣው የአዲስ አበባ ሰው እንጂ ጣሊያን አይመስለኝም።

ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆመው ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ሰፊው አውራ ጎዳና እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ራሱን በራሱ ያበቀለ መንደር እንዲህ ያለ መንገድ አይኖረውም። አስቀድሞ በወረቀት ላይ የተሠመረ ከተማ መሆኑ ያስታውቃል።

ይህችን ከተማ በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ በመቆርቆር ስማቸው የሚነሣው ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። አባታቸው ራስ ሥዩም መንገሻ፥ አያታቸው ራስ መንገሻ ዮሐንስ፥ ቅድመ አያታቸውም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። የትግራይ መስፍን ልጅ ሲዳሞ ምን ወሰዳቸው ቢሉ፥ ሹመት ነው። ዛሬ እርስዎ ለአንድ የጽሕፈት ቤት ሥራ ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ አያይዘው የፈተና ቀን ሲጠባበቁ ይውላሉ፤ በዚያ ዘመን ግን ለጠቅላይ ገዥነት የሚቀርበው ማስረጃ ትውልድና ጋብቻ ነበር።

ጋብቻውም ቢሆን ከዚሁ አገር ጋር የተሳሰረ ነው። መንገሻ በ1941 ዓ.ም. ያገቡት የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታን ነው። የልዕልቲቱ አባት ራስ ደስታ ዳምጠው ከጣሊያን ወረራ በፊት የሲዳሞ ገዥ ነበሩ፤ ይርጋለምን መቀመጫ ያደረጉም እሳቸው ናቸው። በደቡብ ግንባር ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። እንግዲህ አማት ይርጋለምን፥ አማች ሐዋሳን አቆሙ ማለት ነው። ይርጋለም ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ትገኛለች፤ ሐዋሳ ግን ከሞያሌ መንገድ ዳር፥ በሜዳ ላይ፥ ሐይቅ ተንተርሳ ተቀመጠች። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም ከጊዜ በኋላ ወደዚሁ ተዛወረ።

ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም። የሲዳማ አርቢዎች ከብታቸውን የሚያግዱበት፥ አዳሬ የሚሉት መሬት ነበር። ሐዋሳ የሚለውም ስም የሲዳማ ቃል ሆኖ ሰፊ ውኃ ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙባቸዋል፤ መሬት ሲሰጣቸው አርቢው ተገፋ። ጎዳናውን ስናደንቅ ይህን መዝለል ደግ አይደለም።

ራስ መንገሻ ከሲዳሞ በኋላ የሥራ ሚኒስትር ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር አባታቸው በቤተ መንግሥት ሲገደሉ የትግራይ ጠቅላይ ገዥነት ለእሳቸው ተላለፈ። በዚያም ሳሉ ቡልዶዘር እየነዱ መንገድ በመሥራት ታወቁ። መስፍን አፈር ሲቈፍር ማየት በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም! በ1967 ዓ.ም. ደርግን ሸሽተው ጫካ ገቡ፤ የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት የተባለውን ድርጅትም ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ልዕልት አይዳ ግን እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ በእስር ማቀቁ። ባል በዱር፥ ሚስት በወኅኒ መሆኑ ነው። ራስ መንገሻ ወደ አገራቸው የተመለሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

የመሬቱ ነገር በዚህ ሁሉ መካከል አልተረሳም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ድምፅ ሲዳማ የራሱ ክልል እንዲሆን ተሰጠ፤ ክልሉም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሲቋቋም ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች። በትእዛዝ የተቆረቆረችው ከተማ ለማን ትሁን የሚለው ጥያቄ ለድምፅ ሳጥን እስኪቀርብ ድረስ 60 ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በፒያሳ ቡና ሲጠጡ አጠገብዎ ከተቀመጡ የሲዳማ ሽማግሌ ጋር ጨዋታ ቢጀምሩ፥ ከራሱ ታሪክ አስቀድመው ስለ አዳሬ ይጠይቋቸው፤ የማን ከብት የት ውኃ ይጠጣ እንደ ነበረ በበትራቸው እየጠቆሙ ያሳዩዎት ይሆናል።