ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ጋላቢውስ?

ካርቱም ውስጥ ሳጃናን የሚያውቅ ሁሉ ገበያዋን ያውቃል። ስሟን ያወረሷት የወህኒ ጠባቂዎች ናቸው፤ «ሰጃን» በዐረብኛ የእስር ቤት ዘበኛ ማለት ነውና። ከጦርነቱ በፊት በዚያ ይኖር ለነበረው ሐበሻ ግን ሳጃና ማለት ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ብረትና ጣውላ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ይህን ሸክም እየጎተተ ከጠዋት እስከ ማታ በፀሐይ የሚንገላታው ካሮ ነበር። ካሮ የእኛው ጋሪ ነው። አብዛኛውን የሚጎትተው አህያ ሲሆን ከባዱ ጭነት ግን ለፈረስ ይተዋል።

በዚያ ገበያ፣ በአንድ የብረት መደብር ደጃፍ፣ ሌሊት ጋፊር፣ ቀን ጫኝና አውራጅ ሆኖ የሚሠራ አንድ የእንጅባራ ሰው ነበር። ሱዳናውያኑ «ያ ሐበሺ» ይሉታል፤ ያገሩ ልጆች «ጋሼ» ይሉታል። ጠይም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ፈረስ ማወቁን ማንም አያውቅም ነበር፤ እርሱም ለማንም አልተናገረም። ለዘበኛ ማን ስለ ፈረስ ይጠይቀዋል?

ጦርነቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በአንድ ረፋድ፣ ቆርቆሮ የጫነ ካሮ በመደብሩ ፊት ተገለበጠ። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው። አርበጂው፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ፣ በጅራፍ ሲመታው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጭነቱን መንገድ ላይ ዘረገፈው። የሚንኳኳው ቆርቆሮ ይበልጥ አስበረገገው፤ የመኪኖቹ ጡሩምባም ተጨመረበት። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚባለው በዐይን የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ገሚሱ ጂኒ አለበት አለ፤ ገሚሱ ለሥጋ ይሸጥ አለ። ጎረምሳውም ዕንባ እየተናነቀው ነበር፤ ፈረሱን የገዛው በብድር ነውና።

የእንጅባራው ሰው ከደጃፉ ተነሥቶ ሄደ። ዛቡን ያዘና ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ፈረሱ ግራ ዓይን ቀስ አድርጎ አስጠጋ፤ ፈረሱ አልጨፈነም። ዞሮ በቀኝ በኩል እንዲሁ አደረገ፤ ፈረሱ ዓይኑን ከደን አድርጎ አንገቱን መለሰ። «አላበደም» አለ ሰውየው በሰባራ ዐረብኛው። «በግራ አያይም። አንተ ሁልጊዜ የምትመጣበት በግራ ነው።»

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚለው አባባላችን ለፉክክር የሚነገር ነው፤ የሚችል ይምጣ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ፈረሱ አለ፣ ሜዳው አለ፤ ጋላቢው ግን ማን ቢሆን ነው ለዚህ ፈረስ የሚበጀው? አያቶቻችን ይህን ጥያቄ አቅልለው አላዩትም። በቤተ መንግሥት ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። የባልደራስ ሥራ ገብስ ማስሰፈር ብቻ አልነበረም፤ የትኛው ፈረስ ለማን እንደሚሆን ማወቅም ነበር እንጂ። ጌታውና ፈረሱ ከተስማሙ በኋላ ሰውየው በፈረሱ ስም ይጠራል፦ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው። ልብ በሉ፤ ፈረሱ የጌታውን ስም አልወሰደም፤ ጌታው ነው የፈረሱን ስም የወሰደ።

የእንጅባራው ሰው ያደገው ይህ ልማድ ገና ባልሞተበት አገር ነው። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆይቷል፤ የዐድዋን ድልና በዚያ ጦርነት የዋለውን ፈረስ ለማሰብ የቆመ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ፣ ግላስና ጌጥ ያለበሷቸውን ፈረሶች ይዘው ፈረሰኞቹ ይወጣሉ፤ ጉግሱ፣ ሽምጥ ግልቢያው፣ ሽለላው አንድ ላይ ነው። እንግዳ የሚያየው ጌጡን ነው። ያገሩ ልጅ ደግሞ ሌላ ያያል፦ ልጁ ባባቱ ፈረስ ላይ ሲወጣ ፈረሱ ጆሮውን ወዴት እንደሚያደርግ፣ ሶምሶማውን ሲጀምር ልጁ በዛቡ ይንጠለጠል ወይስ በጉልበቱ ይያዝ። በዛብ የሚንጠለጠል ልጅ አፉ ለስላሳ የሆነ ፈረስ አይሰጠውም፤ ፈረሱን ያበላሸዋልና። ይህ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ አባት ለልጅ በጥቅሻ የሚያስተላልፈው ነው።

ዛሬ ይህ ዕውቀት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በጦር ሜዳም በጉግስም አይደለም፤ በጎብኚ መንገድ ላይ ነው። ከአምቦና ከወሊሶ መካከል ያለችውን ወንጪን ያየ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። ከገደሉ አፋፍ እስከ ሐይቁ የሚያወርደው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ የሚወርደውም ሰው ከዚያ ቀን በፊት ፈረስ ነክቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። በባሌም ከዲንሾ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ ለሚወጣው እንዲሁ ነው፤ ሳነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ጉዞውም የቀናት ነው። ፈረሱን የሚያከራየው ገበሬ ሰውየውን ከመኪና ሲወርድ አይቶ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቋንቋ ሳይጋሩ፣ መፍረድ አለበት። ይህ ወፍራም ነው፤ ይህቺ ፈርታለች፣ ፍርሃቷን ግን በሳቅ ትሸፍናለች፤ ያኛው አውቃለሁ ይላል፣ አያያዙ ግን አያውቅም።

የኢትዮጵያ ፈረስ ትንሽ ነው፤ ትከሻው ከ1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ብዙም አይርቅም። በሌላው ዓለም ጋላቢና ኮርቻ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጡ ይመረጣል ይባላል። በዚህ ሚዛን ቢኬድ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ጎብኚ ስንቱ በእግሩ ይሄድ ነበር! የወንጪ ሰው ግን ሌላ ዘዴ አለው፤ በቁልቁለቱ ላይ «ውረዱ» ይላል። ጎብኚው ያጉረመርማል፣ ከፍዬበታለሁ ይላል፤ ፈረሱ ይተነፍሳል። ክፉው ነገር ፈረሱ በተራ ብቻ ሲታደል ነው። ተራ ለባለቤቶቹ ፍትሕ ነው፤ ማንም ከገበያው አይቀርም። ለፈረሱና ለጋላቢው ግን ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ፈሪውን በደንባራው ላይ ያስቀምጣል።

ሳጃና ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ዳማው ለጎረምሳው በዕጣ እንደ ደረሰ ያህል ነው። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል ለማለት ይቻላል፤ ከጭራው ኋላና ከአፍንጫው ሥር ያለው ብቻ ይሰወረዋል። አንዱ ዓይን ሲጠፋ ግማሽ ዓለም ይጠፋል፤ ከዚያ ከጠፋው ወገን የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ጅራፍም ይሁን መኪና፣ ከምንም እንደ መጣ ነው። እንዲህ ላለው ፈረስ የሚያስፈልገው ጉልበተኛ ሰው አይደለም። የሚያስፈልገው የት እንዳለ ዘወትር የሚታወቅ ሰው ነው።

የእንጅባራው ሰው ያንን ሰው ያውቀው ነበር። ጎሕ ሳይቀድ የከብት መኖ፣ አቡ ሰብዒን የሚሉትን በሰባ ቀን የሚደርስ የማሽላ አገዳ፣ በካሮ እየጫኑ በመደብሩ ፊት የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሐጅ ይሏቸዋል። ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ሳይደርሱ ድምፃቸው ይሰማል፤ ሳያቋርጡ ያወራሉ። ስለ ስኳር ዋጋ፣ ስለ ዓባይ ሙላት፣ ስለ ሞቱት ባለቤታቸው፣ ስለ ልጃቸው ስንፍና፤ ሰሚያቸው ፈረሱ ብቻ ነው። ፈረሳቸው ግን አይስማማቸውም ነበር፤ ትልቅ፣ ወጣት፣ አፈ ጠንካራ ግራጫ ሲሆን የሽማግሌውን ክንድ ሊነቅለው ይደርሳል። ሁለት ፈረስና ሁለት ሰው፣ ሁሉም ያለ ቦታቸው።

ነገሩን ማስማማት ከፈረሱ ይልቅ ሰዎቹን መግራት ጠየቀ። ጎረምሳው «ዕውር ፈረስ ሰጥቼ ደህና ፈረስ ልወስድ? ሐጅን አታለላቸው ይሉኛል» ብሎ አፈረ። ይህ ያስመሰግነዋል። ሽማግሌው በበኩላቸው ግራጫውን ከውርንጭላነቱ ያሳደጉት ነውና ሌሊቱን ሲያስቡ አደሩ። የእንጅባራው ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ይሞከር፣ ካልሆነ እያንዳንዱ የራሱን ይውሰድ። ለሽማግሌውም እንዲህ አላቸው፦ «ሐጅ፣ ከመንካትዎ በፊት ይናገሩ። በግራ ሲዞሩ ድምፅዎን ያሰሙት።»

«እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?» አሉ ሽማግሌው።

በሦስተኛው ቀን ዳማው በመደብሩ ፊት አለፈ። ጡሩምባ ተነፋ፤ ቀኝ ጆሮው ወደ መኪናው፣ ግራ ጆሮው ወደ ሽማግሌው ወሬ ዞረ፣ እርምጃውን ግን አላቋረጠም። ጎረምሳው ለካሳ ያህል አንድ ጆንያ ማሽላ አመጣ። ሽማግሌው ግማሹን መለሱለት፤ ግማሹን ደግሞ እምቢ ማለት ነውር ነው ብለው ተቀበሉ።

ሁሉም ፈረስ ግን እንዲህ አይቀናውም። ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት፤ ባጃጅ ከገባ ወዲህ በብዙ ከተሞች ጋሪ ከዋናው መንገድ ተገፍቷል። የቆሰለው፣ ያረጀው፣ ቆዳውን በሽታ የበላው ፈረስ ባለቤቱ ሊገድለው ስለማይጨክን፣ ሊመግበውም ስለማይችል፣ ልጓሙን አውልቆ አስፋልት ዳር ይተወዋል። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ የገቡት እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ብሩክ የገጠማቸው ከዚህ የባሰ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ሠራዊት እዚያው ሸጧቸው የሄደው ፈረሶች አርጅተው፣ አንክሰው፣ አንዳንዶቹ ታውረው፣ በከተማይቱ ጋሪና ድንጋይ ይጎትቱ ነበር። ወይዘሮዋ ገንዘብ እያሰባሰቡ ከ5000 የማያንሱ ገዙ፤ በ1934ም የእንስሳት ሆስፒታል አቋቋሙ። አብዛኞቹን ግን ለአዲስ ጌታ አልሰጧቸውም፤ የሚበጃቸው ጌታ አልነበረምና። ጥቂት ቀን አሳርፈው፣ አብልተው፣ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ አደረጉ። የእርሳቸውን ሥራ የቀጠለው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም አለ። ጌታ የማይገኝለትን ፈረስ ለይቶ ማወቅም የባልደራስ ሥራ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ክፍሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ በእኛ ቀዳም ሥዑር፣ በእነርሱ ረመዳን። ለፋሲካ የተገዛው ዶሮ ገና አልታረደም፤ ከተማይቱ በመድፍ ተናወጠች። መብራት ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ፣ ነዳጅ ጠፋ። የአውቶቡስ ዋጋ በየቀኑ ይወጣ ጀመር፤ ቤንዚን የማይጠይቅ ካሮ ድንገት የከበረ ዕቃ ሆነ። ለመኖ የነበረው አሁን አሮጊት፣ ሕፃንና ፍራሽ ይጫንበታል።

የእንጅባራው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ከሳጃና ወጣ። በገዳሪፍ አድርጎ ገላባት ደረሰ፤ ድልድዩን ተሻግሮም አባ በዝብዝ በወደቁባት በመተማ ከሺህ ከሚቆጠሩት ጋር ሜዳ ላይ አደረ። ከእርሱ ጋር የወጣው አንድ ፌስታል ልብስ ብቻ ነበር። ከመውጣቱ በፊት በነበረው ንጋት ግን ሽማግሌውን አግኝቷቸዋል። የጎረቤት ቤተሰብ ጭነው ወደ ደቡብ፣ ወደ ጀዚራ ሊሄዱ ነው። «ይሸጥ ብለውኝ ነበር» አሉት ዳማውን እያሻሹ፤ «በዚህ ሰሞን ለፈረስ የተጠየቀውን ይሰጣሉ። ግን ማን ያወራዋል?» የእንጅባራው ሰው የማሰሪያውን ጠፍር ፈተሸ፣ አንድ ቀዳዳ አላላው፣ በቀኝ በኩል ቆሞም የፈረሱን ጋማ ያዘ።

በሩቁ ይተኮሳል። ካሮው ተነሣ። በመታጠፊያው ከዐይን ከተሰወረ በኋላም ለጥቂት ጊዜ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ስለ ስኳር ዋጋ ነበር የሚያወሩት።